መልክ የአደጋ በር አይከፍትም

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ አስተናጋጆች ቅጥር ማስታወቂያ ባወጣ ቁጥር በእኛዋ የጎጃም ከተማ በቢቸና ማስታወቂያውን ተከትሎ የሚዛመት ፍርድ አለ። «እሱ ሥራ የቆንጆ ነው» ይላል አንዱ። «ቁመት ከሌለሽ ገና ከበር ይመልሱሻል» ትላለች ሌላዋ። «እንግሊዝኛውን እንደ አዲስ አበባ ልጅ ካላንበለበልሽው የትራንስፖርት ገንዘብሽን አታባክኚ» የሚልም አይጠፋም። በመጨረሻ ሁሉንም የሚጠቀልለው ጥያቄ ይመጣል፤ «ለመሆኑ ሰው አለሽ?» ሞጣ ብትሄዱ ይኸው ነው፤ ደብረ ወርቅም ደጀንም ቢሆን የተለየ አትሰሙም። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ልጃቸው ለፍታ፣ ገንዘብ አውጥታ፣ አንገቷን ደፍታ እንዳትመለስ የሚሳሱ እናቶች፣ ታላላቅ እህቶችና መምህራን ናቸው።

ፍርዱ ግን ስሕተት ነው፤ ብዙ ልጆችንም ጎድቷል። ሆስተስነትን የመልክ ውድድር አድርጎ የሚያይ ሰው ለቃለ መጠይቁ የሚዘጋጀውም እንደዚያው ነው። የማያስፈልገውን ሲያጠና ይከርምና የሚያስፈልገውን ሳያውቅ ፈታኝ ፊት ይቀርባል። እኔ የምለው ይህ ነው፤ የበረራ አስተናጋጅነት ከሁሉ በፊት የመንገደኛን ሕይወት የመጠበቅ ሙያ ነው፤ መስተንግዶው በዚያ ላይ የተደረበ ነው። ይህን የተረዳች ልጅ ከቢቸናም ትምጣ ከቦሌ፣ ዝግጅቷን ከየት እንደምትጀምር ታውቃለች።

ጉዳዩን ቀላል አድርጎ ማለፍ የማይቻለው ዘመኑ ስለከበደ ነው። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም ደግሞ 3.2 በመቶ። ከዚያ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ክልላችን ጦርነት ውስጥ ገባ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ተመርቀው ቤት የተቀመጡትም ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚመጣ አንድ የሥራ ዕድል ላይ የተሳሳተ ምክር መስጠት ያለችውን ቀጭን መንገድ መዝጋት ነው።

የአሁኑን ዝግጅት ቀረብ ብለን እንየው። ከማውቃቸው ልጆች አንዷ፣ የዲግሪ ምሩቅ ናት፣ ዝግጅቷን የጀመረችው ከፀጉር ቤት ነው። ቀጥላ ባለ ተረከዝ ጫማ በዱቤ ገዛች፤ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር የሚታይበት ፎቶ ተነሣች። ከዚያ አንድ ሰው የጥያቄና መልስ ወረቀት ሸጠላትና ቃል በቃል ሸመደደችው። «ይህን ሥራ ለምን መረጥሽ?» ስላት በአንድ ትንፋሽ ወረደችው፤ መጓዝ እንደምትወድ፣ አዳዲስ ሰዎችን መተዋወቅ እንደሚያስደስታት፣ የልጅነት ሕልሟ እንደሆነ። ቀጥዬ፣ «አውሮፕላኑ ለማረፍ እያቆለቆለ አንድ መንገደኛ ተነሥቶ ሻንጣውን ከላይ ለማውረድ ቢታገልስ?» አልኳት። ወረቀቱ ላይ የለም። ዝም አለች። ይህች ልጅ ሰነፍ አይደለችም፤ ያን ሁሉ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በቃሏ የያዘች ልጅ ማንኛውንም ነገር መማር ትችላለች። የጎደላት ሥራው ምን እንደሆነ የነገራት ሰው ነው።

ሥራው ምንድን ነው? ከአጀማመሩ እንነሣ። እ.ኤ.አ. በ1930 ቦይንግ ኤር ትራንስፖርት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የዓለም የመጀመሪያዋን ሴት የበረራ አስተናጋጅ ኤለን ቸርችን ሲቀጥር እሷ ነርስ ነበረች። አብረዋት የተቀጠሩትም ነርሶች ነበሩ። በዚያ ዘመን መንገደኛው ይፈራል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ይታመማል፤ የተፈለገውም ሕመምተኛ ፊት የማይደነግጥ ሰው ነበር። ዛሬም ደንቡ የሚናገረው ይህንኑ ነው። በብዙ አገሮች የአቪዬሽን ሕግ ለእያንዳንዱ 50 መቀመጫ ቢያንስ አንድ የካቢን ሠራተኛ ያስፈልጋል። አንድ አውሮፕላን ምግብ ሳይጭን ሊነሣ ይችላል፤ ሕግ ከሚጠይቀው የካቢን ሠራተኛ አንድ ቢጎድል ግን አይነሣም። ሠራተኛዋ በየዓመቱ ተመልሳ የምትፈተነውም በሯን፣ እሳቱን፣ ጭሱንና የመጀመሪያ ዕርዳታውን ነው። ያንን ካላለፈች ፈገግታዋ ምንም ያህል ቢያምር አትበርም።

ብዙ ሰው አይቶ ያላስተዋለው አንድ ነገር ልንገራችሁ። አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲያቆለቁል የካቢን ሠራተኛዋ በሯ አጠገብ ባለችው ታጣፊ መቀመጫ ላይ ቀበቶዋን በወገቧም በትከሻዋም አስራ ትቀመጣለች። ለተመልካች ዕረፍት ያደረገች ትመስላለች። እሷ ግን በልቧ እየደገመች ነው። ያለሁት በየትኛው በር ነው? የበሩ መንሸራተቻ ተዘጋጅቷል? በድንገት ብንቆም መጀመሪያ በመስኮት ውጭውን አያለሁ፤ እሳት አለ? ውሃ አለ? እጀታው ወዴት ይዞራል? ይህ በር የማይከፈት ከሆነ ሰውን ወደየትኛው እመልሳለሁ? ፊት ለፊቴ ከተቀመጡት ጉልበት ያለው ማን ነው? ሕፃን የታቀፈችው የት ናት? መጀመሪያ የምጮኸው ቃል የትኛው ነው? በየመነሻውና በየማረፊያው ይህ ይደገማል፤ ከአደጋዎቹ አብዛኞቹ የሚደርሱት በእነዚህ ጊዜያት ነውና። ማንም መንገደኛ አይሰማውም፤ ማንም አያመሰግናትም።

ያ ድግግሞሽ ምን እንደሚያደርግ ዓለም ታኅሣሥ 23 ቀን 2016 ዓ.ም ቶኪዮ ላይ አይቷል። የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350 ሃኔዳ ሲያርፍ መንደርደሪያው ላይ ከነበረ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ በእሳት ተያያዘ። ከጠረፍ ጥበቃው አውሮፕላን ስድስት ሰዎች አምስቱ ሞቱ። በትልቁ አውሮፕላን ውስጥ የነበሩት 379 ሰዎች ግን ሁሉም ወጡ። የካቢኑ ድምፅ ማጉያ ተበላሽቶ ስለነበር ዘጠኙ የካቢን ሠራተኞች በእጅ ማጉያና በራሳቸው ጉሮሮ አዘዙ። ስምንት በሮች ነበሩ፤ እሳቱን አይተው የከፈቱት ሦስቱን ብቻ ነው። ሻንጣ ይዞ መውጣት ከለከሉ፤ ሰውም ታዘዘ። አንድ በር በስሕተት ቢከፈት ኖሮ እሳቱ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። በዚያች ሰዓት ከዘጠኙ ማንኛዋ ይበልጥ ታምራለች ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ወደ ራሳችን እንምጣ። ህዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም ከአዲስ አበባ የተነሣው የአየር መንገዳችን የበረራ ቁጥር 961 ተጠልፎ፣ ነዳጁ አልቆ፣ ኮሞሮስ ደሴት ዳርቻ ባሕር ላይ ወደቀ። ካፒቴን ልዑል አባተ ጠላፊዎቹ እየታገሉት ያለ ሞተር ውሃ ላይ ሊያሳርፈው ሞከረ። ከ175ቱ ሰዎች 125ቱ ሲሞቱ 50ዎቹ ተረፉ። በሕይወት ውሃውን ካገኙት መካከል ብዙዎቹ የሞቱት ላይፍ ጃኬታቸውን ገና ካቢን ውስጥ እያሉ በመንፋታቸው ነው። ውሃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው አንሳፍፎ ያዛቸው፤ ጠልቀው በበሩ መውጣት አልቻሉም። ዛሬ አስተናጋጇ መተላለፊያው ላይ ቆማ ጃኬቱን እያሳየች «ከአውሮፕላኑ ከመውጣታችሁ በፊት እንዳትነፉት» ስትል ቃሉ እንደ ልማድ የሚነበብ ይመስላል። እዚያ ቃል ውስጥ የሰው ሕይወት አለ። ያንን የምታውቅ አመልካችና የማታውቅ አመልካች ቃለ መጠይቅ ላይ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም።

እስቲ አሁን ሰው የመልክ መስፈርት የሚላቸውን እንደገና እናንብባቸው። ኤምሬትስ ከአመልካቾቹ ቢያንስ 160 ሴንቲ ሜትር ቁመትና በእግር ጣት ቆሞ 212 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ እጅ ይጠይቃል። ሌሎችም ተመሳሳይ ልክ አላቸው። ይህ ለቁንጅና አይደለም፤ ከመቀመጫ በላይ ባለው ሣጥን ውስጥ እሳት ማጥፊያና ኦክስጅን ስለሚቀመጥ ነው። እጇ የማይደርስ ሠራተኛ እሳቱ ሲነሣ ልትረዳ አትችልም። ክብደት ቢጠየቅ በጠባብ መተላለፊያ መሮጥና በድንገተኛ መውጫ ማለፍ ስላለ ነው። ዓይንና ጆሮ የሚመረመረው የሚነድ ባትሪ ጭስ ከሩቅ ማየትና የሞተር ድምፅ ለውጥ መስማት ስላለባት ነው። መስፈርቱ ያላት ልጅ ይህን ምክንያት አውቃ ስትለካ በልበ ሙሉነት ትቆማለች። የጎደላት ደግሞ «አስቀያሚ ስለሆንኩ ነው» ብላ ራሷን አትረግምም፤ የእጅ ርዝመት የእጅ ርዝመት ነው፤ ሌላ ሙያ ትፈልጋለች።

የደጋ ልጅ መሆንንም እንደ ጉድለት የሚያዩ አሉ። አውሮፕላን በከፍታ ሲበር ካቢኑ ውስጥ ያለው አየር ቢበዛ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለ ቦታ አየር ጋር እንዲመሳሰል ተደርጎ ይታመቃል፤ እንደ ድሪምላይነርና ኤ350 ባሉት አዳዲሶቹ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ለቆላው ሰው የሚከብደው የካቢን አየር ለእኛ ልጆች የሰፈራቸው አየር ነው።

ታዲያ ይህ የመልክ አስተሳሰብ ከየት መጣ? እኛ አልፈጠርነውም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአሜሪካ የአውሮፕላን ቲኬት ዋጋ በመንግሥት ተቆጣጣሪ የሚወሰን ስለነበር ኩባንያዎቹ በዋጋ መወዳደር አይችሉም ነበር። ስለዚህ በሴት መልክ ተወዳደሩ። ያገባች አትቀጠርም፤ ስታገባ ትሰናበታለች፤ አንዳንዶቹ ዘንድ 32 ዓመት ሲሞላት በቃሽ ትባላለች፤ በየጊዜው ሚዛን ላይ ትወጣለች። ያን ሥርዓት ያፈረሱት ሠራተኞቹ ራሳቸውና ፍርድ ቤቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሴልዮ ዲያዝ የተባለ ሰው ወንድ በመሆኑ ሥራውን የከለከለውን ፓን አሜሪካንን ከሶ በይግባኝ ረታ። ኩባንያው «መንገደኛ የሚመርጠው ሴት ነው» ብሎ ተከራክሮ ነበር። ፍርድ ቤቱ የአየር መንገድ ዋና ተግባር ሰውን ከቦታ ቦታ በሰላም ማድረስ እንደሆነ፣ መንገደኛን ማስደሰት ከዚያ በታች እንደሆነ በይኖ ክርክሩን ውድቅ አደረገው። እኛ ዛሬ ቢቸና ላይ የምንደግመው ከዚያ በፊት የነበረውን፣ በተወለደበት አገር የተሸነፈውን አስተያየት ነው።

በሌላ በኩል የሚከራከሩኝ፣ «ማስታወቂያዎቹ ላይ የምናየው የቆንጆ ፎቶ አይደለም ወይ?» ይላሉ። ነው። አየር መንገዶች ዛሬም በፎቶ ይሸጣሉ፤ ያንን አልክድም። ንጽሕና፣ የተስተካከለ ፀጉር፣ የተተኮሰ ልብስ፣ ቀጥ ያለ አቋም ቃለ መጠይቅ ላይ ይታያሉ፤ መታየትም አለባቸው። ግን እነዚህ የጥንቃቄ ምልክቶች ናቸው። ሸሚዟን አስተካክላ የመጣች ልጅ በሯንም አስተካክላ ትፈትሻለች ተብሎ ይታሰባል። ለዚህ ሳሙና፣ ካውያና አንድ ቀን በቂ ነው፤ ብድር አያስፈልግም። ወራት የሚፈልገው ሌላው ነው።

እንግሊዝኛን በተመለከተ ፍርዱ ግማሽ እውነት ስላለው ይበልጥ ያሳስታል። እንግሊዝኛ ያስፈልጋል። በቂ እንግሊዝኛ የሌላት ልጅ ማለፍ አትችልም፤ ይህን ደብቆ ማጽናናት ማታለል ነው። ጥያቄው የትኛው እንግሊዝኛ ነው የሚለው ነው። የአየር መንገዳችን መንገደኞች ከሌጎስ፣ ከጓንግዡ፣ ከሙምባይ፣ ከሳኦ ፓውሎ የሚመጡ ናቸው። አብዛኞቹ እንግሊዝኛን የተማሩት እንደኛው ከመምህርና ከደብተር ነው። ከፊልም የተቀዳ የአሜሪካ ቅላጼ ለእነሱ አይጠቅማቸውም። የሚጠቅማቸው ቀስ ብሎ፣ ቃሉን ሳይውጥ፣ ፊት ለፊት እያየ የሚናገር ሰው ነው። የአደጋ ትእዛዞችም አጫጭር ናቸው፤ ቀበቶ ፍቱ፣ ዕቃ ተዉ፣ በዚህ ውጡ። እነዚህን የሚያበላሻቸው የጎጃም ለዛ አይደለም፤ የሚያበላሻቸው መንተባተብና ድምፅ ማነስ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ መስማት አለ። የተጠየቀችውን ሳትጨርስ የሸመደደችውን የምታወርድ ልጅ አልሰማሁም እያለች ነው። «ጥያቄውን ይደግሙልኛል?» ብላ በትሕትና የምትጠይቅ ግን ፈታኙ የሚፈልገውን አሳይታለች፤ ያልገባትን ነገር ገባኝ ብላ አትሠራም።

«ሰው አለሽ?» ወደሚለው ልምጣ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በአገራችን አድልዎ የለም ብዬ አልከራከርም። የምከራከረው «ሁሉም በሰው ነው» ብሎ መደምደም ማንን እንደሚጠቅም ነው። ዘመድ ያለውን ይጠቅማል፤ እኛ ሳንመዘገብ ስንቀር ወንበሩን ያለ ተፎካካሪ እንተውለታለን። ደላላውን ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። «ሰው አለኝ፣ አስገባሻለሁ» እያለ የእናትን የጤፍ ሽያጭ ገንዘብ የሚበላው ይህ እምነት ስላለ ነው። ቅጥር በደላላ አይገዛም፤ ገንዘብ የሚቀበልሽ ሰው የአየር መንገድ ሰው አይደለም ብለሽ ያዢ። በተጨማሪም ዘመድ እስከ ምዝገባ ቢያደርስ እንኳ ከዚያ ወዲያ ሥልጠና አለ። የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚቆየው ሠልጣኝ ጭስ ውስጥ ገብቶ፣ በመንሸራተቻ ወርዶ፣ ትእዛዙን ጮኾ የሚታየው ራሱ ነው። አጎት እዚያ ገብቶ በር አይከፍትለትም።

ከዚህ በተቃራኒ «ዲግሪ ይዛ ምግብ ልታቀርብ?» የሚሉ አባቶች አሉ። ለእነሱ አክብሮት አለኝ፤ መልሴም አጭር ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው የበረራ ቁጥር 302 ካለቁት 157 ሰዎች ስምንቱ በሥራ ላይ የነበሩ የአውሮፕላኑ ሠራተኞች ነበሩ። ለሰው ደኅንነት ኃላፊነት ወስዶ ሰማይ ላይ የሚውል ሰው ሥራ አይናቅም። ሴት ልጅ እዚያ ምን ልትሆን ለሚሉትም፣ በ2003 ዓ.ም አምሳለ ጓሉ የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆናለች፤ በህዳር 2008 ዓ.ም ደግሞ ከአብራሪ እስከ አስተናጋጅ ሠራተኞቹ በሙሉ ሴቶች የሆኑበት በረራ ከአዲስ አበባ ባንኮክ ደርሷል።

እንግዲህ እውነተኛው ዝግጅት ምን ይመስላል? መጀመሪያ፣ የራስሽን ሕይወት ፈትሺ። ቃለ መጠይቅ ላይ ከሚመጡት ጥያቄዎች ብዙዎቹ «እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠመሽን ንገሪን» የሚሉ ናቸው፤ የተቆጣ ሰው ያረጋጋሽበት፣ ከማትስማሚው ሰው ጋር የሠራሽበት፣ ተሳስተሽ ያረምሽበት። ወረቀት የሚሸጠው ሰው ለዚህ መልስ የለውም፤ አንቺ ግን አለሽ። ወፍጮ ቤት ተራ ሲጋፉ የገላገልሽው ጠብ አለ። ሰንበት ትምህርት ቤት ለበዓል ሕፃናት ስታሰልፊ የጠፋው ልጅና ያገኘሽበት ዘዴ አለ። የታመሙ አያትሽን ሌሊት ስታስታምሚ ማንን ጠርተሽ፣ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት ሰጥተሽ እንዳሳደርሽ ታውቂያለሽ። መናኸሪያ ላይ ከሰው ጋር የተላተመውን እንግዳ አስታርቀሽ ይሆናል። እነዚህን አንድ በአንድ ጻፊያቸው፤ ምን ነበር፣ ምን አደረግሽ፣ ምን ውጤት መጣ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ በራስሽ ቃል፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መናገር ተለማመጂ። ያጋጠመሽን ስትናገሪ አትሸመድጂም፤ ተከታይ ጥያቄ ቢመጣም አትደናገጪም።

ሁለተኛ፣ የሥራውን ዕውቀት ቅመሺ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከ1927 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ተቋም ነው፤ በቅርንጫፎቹ የመጀመሪያ ዕርዳታ ያስተምራል። ያ ባይገኝ በቢቸናና በሞጣ ሆስፒታሎች ያሉ ነርሶች እኅቶቻችን ናቸው፤ የሚጥል በሽታ የተነሣበትን ሰው፣ ትን ያለውን ሕፃን፣ ልቡ የቆመን ሰው እንዴት እንደሚረዱ ጠይቂያቸው። አውሮፕላኖች የሚፈተኑበትን ደንብ እወቂ፤ ግማሾቹ በሮች ተዘግተው ሰው ሁሉ በ90 ሰከንድ መውጣት መቻል አለበት። አየር መንገዱ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም እንደተመሠረተና መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም በአሥመራ በኩል ካይሮ በመብረር ሥራ እንደጀመረ ማወቅም ጥሩ ነው፤ ግን ታሪኩን ብቻ አንብበሽ ሥራውን ሳታውቂ አትሂጂ። በየቀኑ ጥቂት ገጽ እንግሊዝኛ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢ፤ የሚሰማሽ ሰው በክፍሉ ሌላ ጫፍ ይቀመጥና ያልሰማውን ቃል ይንገርሽ።

ሦስተኛ፣ ወረቀትሽን አስተካክዪ። ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ማንም ግን አይነግራትም። በትምህርት ማስረጃሽ፣ በፋይዳ መታወቂያሽና በፓስፖርትሽ ላይ ስምሽ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት ተጽፏል? «ፀሐይ» አንዱ ላይ በቲ፣ ሌላው ላይ በኤስ የተጀመረ ከሆነ ማስታወቂያው ሳይወጣ አስቀድመሽ አስተካክዪው። የልደት ቀንሽ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲመለስ በአንድ ቀን የተዛባ እንዳይሆን እዪው። የአየር መንገዱን የሰዓት አቆጣጠርም ልመጂ። እኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የምንለው እዚያ 02:00 ነው፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የምንለው 8:00 ነው። በዚህ ተሳስቶ የፈተናው ሰዓት ያለፈበት ሰው አለቀስኩ ቢል ማንም አይሰማውም።

ወደዚያች ያልተመለሰች ጥያቄ ልመለስ። ለማረፍ ሲቃረብ ሻንጣ ለማውረድ የተነሣን መንገደኛ ምን ታደርጊዋለሽ? ሥራውን የምታውቅ ልጅ እንዲህ ትመልሳለች፤ እኔ ራሴ ቀበቶ አስሬ መቀመጥ ያለብኝ ሰዓት ስለሆነ እየሮጥኩ አልሄድም፤ ካለሁበት በጠንካራ ድምፅ እንዲቀመጥ አዝዘዋለሁ፤ ሻንጣው በሌላ ሰው ራስ ላይ ሊወድቅ እንደሚችል በአጭሩ እነግረዋለሁ፤ አውሮፕላኑ ሲቆም ሄጄ ዕቃውን አወርድለታለሁ፤ ለኃላፊዬም አሳውቃለሁ። እዚህ መልስ ውስጥ ቁንጅና የለም፤ ረቂቅ እንግሊዝኛም የለም። ደኅንነት፣ ቅደም ተከተልና አክብሮት አሉበት። ይህንን ማንኛዋም የቢቸና ልጅ በአንድ ወር ልትማረው ትችላለች።

ይህ ግን የልጅቷ ሸክም ብቻ መሆን የለበትም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የእንግሊዝኛ መምህራን በሳምንት አንድ ሰዓት የቃለ መጠይቅ ልምምድ ቢያደርጉ ወጪ የለበትም። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃኑን ከመሸኘቱ በፊት ይህንኑ ቢያደርግ ያምርበታል። የከተማ አስተዳደሮቻችን የወጣት ጽሕፈት ቤቶች ማስታወቂያ ሲወጣ በሰሌዳ ለጥፈው፣ ኢንተርኔት የሌላትን ልጅ ማመልከቻ እንድትሞላ ቢያግዟት የደላላው ሥራ ይቀራል። አየር መንገዱም መስፈርቱን ሲያወጣ ምክንያቱን አብሮ ቢጽፍ፣ የእጅ ርዝመት ለምን እንደሚለካ አንድ መስመር ቢጨምር፣ ይህ ሁሉ አሉባልታ ግማሹ ይረግፍ ነበር። ሰማይ ላይ የደረሳችሁ የአገሬ ልጆች ደግሞ ለዕረፍት ስትመጡ ፎቶ ከማሳየት ይልቅ ልጆቹን ሰብስባችሁ የመጀመሪያውን የእሳት ልምምዳችሁን ንገሯቸው።

ለእናቶችና ለታላላቆች የምለው አንድ ነገር ነው። ልጃችሁ ማስታወቂያውን ይዛ ስትመጣ ቁመቷንና መልኳን ከላይ እስከ ታች አትመልከቱባት። «ሰው ቢታመም ምን ታደርጊያለሽ? እሳት ቢነሣ ምን ትያለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። መልስ ካላት መኪና ላይ አሳፍሯትና ባሕር ዳርም ይሁን አዲስ አበባ ሂጂ በሏት። መልስ ከሌላት ደግሞ ተማሪ በሏት፤ እስክትማር አብራችኋት ቁሙ።